ጎማ በጠዋት ነው የሚለካው

ስለ ጎማ ንፋስ ሰው ሲያወራ ስትሰሙ ጨዋታው ሁሌ የሚያልቀው "ስንት ይሞላ" የሚለው ላይ ነው። አንዱ 30 ይላል፣ አንዱ 35 ካልሆነ ይላል፣ ሌላው ደሞ ለረጅም መንገድ ጨመር አድርገው ይላል፣ በቃ ክርክሩ አያልቅም። እኔ ጎማዬን ራሴ ቤት መለካት ከጀመርኩ ወዲህ ግን የበለጠ የምጠይቀው ስንት የሚለውን ሳይሆን መቼ ተለካ የሚለውን ነው። ያው 32 የሚል ቁጥር ጠዋት ሲነበብና ከሰዓት ሲነበብ እኮ አንድ ነገር አይደለም፣ ባለፈው ወር ስንት እንደነበረ ካላወቃችሁ ደግሞ ዛሬ ያነበባችሁት ግማሽ ወሬ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ንፋሱ ራሱ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም መኪናውን የተሸከመው ላስቲኩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። የተሸከመው ውስጡ ያለው አየር ነው፣ ላስቲኩም፣ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ክርና ሽቦም፣ ቸርኬውም ስራቸው ያንን አየር አፍኖ መያዝ ነው። ሂሳቡ ደስ ስለሚለኝ እዚሁ ልስራው። 1500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ለአራት ሲካፈል ለአንድ ጎማ 375 ኪሎ ይደርሰዋል (ሞተሩ ያለበት በኩል እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ለሂሳቡ ብለን እኩል እናድርገው)፣ ጎማው ውስጥ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ካለ ደሞ አየሩ በያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ በ2.25 ኪሎ ገደማ ይገፋል ማለት ነው። 375ን ለ2.25 አካፍሉት፣ 167 ካሬ ሴንቲሜትር አካባቢ ይመጣል። መሬት የሚነካው ይሄ ብቻ ነው፣ አንድ የተዘረጋ እጅ የሚያህል ቦታ። የጎማው ጎን ራሱ ደረቅ ስለሆነ ትንሽ ያግዛል ግን ነገሩን ብዙ አይቀይረውም። ፍሬን ስትይዙም፣ ስትጠመዘዙም፣ ዝናብ ላይ ስትሄዱም መንገዱን የያዛችሁት በአራት እንደዛ ዓይነት ቦታ ነው።

በነገራችን ላይ አየር የተሞላ ጎማ ሐሳቡ ከመኪና ይቀድማል። ሮበርት ቶምሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1845 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የፈጠራ መብት አውጥቶበት ነበር፣ በጊዜው ፈላጊ ስላላገኘ ተረሳ፣ ከዛ በ1888 ቤልፋስት ይኖር የነበረ ጆን ደንሎፕ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ባለ ሶስት እግር ብስክሌት ብሎ የሰራውን እንደ አዲስ አስመዘገበ። የእንስሳት ሐኪም! ብዙ ሰው የሚያውቀው የሱን ስም ነው፣ ቶምሰንን ማንም አያነሳውም፣ ያሳዝነኛል።

ንፋሱ ሲቀንስ ያ መሬት የሚነካው ቦታ ይሰፋል፣ የጎማው ጎን በየዙሩ ከልክ በላይ ይታጠፋል ይዘረጋል፣ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ሲበዛ ደግሞ ላስቲኩንና ክሩን ከውስጥ ያላቅቃል። ጎማ የሚፈነዳው ሲበዛበት ነው ብሎ የሚፈራ ሰው አለ፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ግን እኔ የምፈራው ያነሰውን ነው። ውሃ የተኛበት አስፋልት ላይም ያነሰው ጎማ ቀድሞ ነው መንሳፈፍ የሚጀምረው፣ ማለቴ በዝቅተኛ ፍጥነት። ጥርሱን አይታችሁም ታሪኩን ማወቅ ትችላላችሁ፣ አንሶበት የኖረ ጎማ ግራና ቀኝ ጠርዙ ይበላል፣ በዝቶበት የኖረ መሀሉ ይበላል። ነዳጅ ላይም ልዩነት አለው ግን እዚህ ላይ ባናጋንን ይሻላል፣ የአሜሪካ መንግስት የኢነርጂ መስሪያ ቤት እንደሚለው የአራቱ ጎማ አማካይ ንፋስ በ1 ፒኤስአይ ሲወርድ በአንድ ሊትር የምትሄዱት መንገድ በ0.2 በመቶ አካባቢ ነው የሚቀንሰው። ትንሽ ናት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብቻ ብሎ ጌጅ (የንፋስ መለኪያ) ይዞ የሚወጣ ሰው ቶሎ ይሰለቻል፣ እኔ የምለካው ለጎማው ዕድሜና ለፍሬኑ ብዬ ነው።

ስንት የሚለውን ጥያቄ ቶሎ ልገላገለው። መልሱ የሹፌሩ በር ሲከፈት የበሩ ፍሬም ላይ የተለጠፈው ስቲከር ላይ አለ፣ አንዳንድ መኪና ላይ የነዳጅ መክደኛው ከውስጥ በኩል ነው፣ ሁለቱም ጋ ካጣችሁት ማኑዋሉ ላይ አለ። የፊቱና የኋላው ሊለያይ ይችላል፣ ሰውና ዕቃ ሞልቶ ሲኬድ የሚሆን ሌላ ቁጥርም ብዙ ጊዜ ከጎኑ አለ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን 44 ወይም 51 ግን ተዉት፣ እሱ የጎማው ጣሪያ ነው እንጂ ለናንተ መኪና የታዘዘ አይደለም፣ ያው አንድ ዓይነት ጎማ ለስንት ዓይነት መኪና ነው የሚሸጠው፣ የናንተን መኪና ክብደት ከየት ያውቃል። አሃዱ እንዳያደናግራችሁ ደሞ 1 ባር ማለት 14.5 ፒኤስአይ ነው፣ 100 ኪሎ ፓስካልም ነው፣ ስለዚህ አንዱ ጋ 220፣ ሌላው ጋ 2.2፣ ሌላው ጋ 32 ተጽፎ ብታዩ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ስለ ስንት ይሄው ነው።

አሁን ወደ መቼ እንምጣ።

ስቲከሩ ላይ ያለው ቁጥር ለቀዘቀዘ ጎማ ነው። የቀዘቀዘ የሚባለው መኪናው ከቆመ ቢያንስ 3 ሰዓት ሲሞላው ነው፣ ወይም ቢበዛ ሁለት ኪሎ ሜትር ያልሞላ መንገድ ቀስ ብሎ ከሄደ ነው። ከዛ በላይ ከተነዳ ጎማው በየዙሩ እየተጣመመ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየርም ይሞቃል፣ የሚሄድበት ስለሌለው ግፊቱ ይጨምራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ ሲለካ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ማግኘት የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ማደያ ሄዶ የማስሞላት ችግሩ። ማደያው ጋ ለመድረስ መንዳት አለባችሁ፣ ነድታችሁ ስትደርሱ ጎማው ሞቋል፣ ጌጁ 32 ይላል፣ ስቲከሩም 32 ይላል፣ ደስ ብሏችሁ ትመለሳላችሁ፣ ያ ጎማ ማታ ሲቀዘቅዝ ግን 28 ነው። ማንም አልዋሸም እኮ፣ ጌጁም ትክክል ነው፣ ስቲከሩም ትክክል ነው፣ ሰዓቱ ብቻ ነው ያልገጠመው።

ከዚህ የባሰ አንድ ነገር አለ። ረጅም መንገድ ሄዳችሁ ስትለኩ 37 ታያላችሁ፣ ኧረ በዛ ብላችሁ ወደ 32 ታስተነፍሱታላችሁ። በማግስቱ ጠዋት ጎማው 27 ላይ ነው፣ ይዛችሁት ስትወጡ ከበፊቱ የበለጠ እየታጠፈ የበለጠ ይሞቃል ማለት ነው። የሞቀ ጎማ በጭራሽ አይተነፈስም፣ መንገድ ላይ ሲሄድ እንዲጨምር ታስቦ ነው ስቲከሩ የተጻፈው፣ ጭማሪው የሂሳቡ አካል ነው። ግድ ሆኖባችሁ በሞቀበት መሙላት ካለባችሁ ስቲከሩ ላይ ካለው 4 ፒኤስአይ ገደማ አሳልፋችሁ ሙሉት፣ ከዛ ጠዋት ቀዝቅዞ አስተካክሉት። ቤት ውስጥ ለሚለካ ሰው ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም፣ መኪናው ከማታ ጀምሮ ቆሟል፣ ቁልፉን ሳትነኩ ወጥቶ መለካት ነው።

ጠዋት ስል ደግሞ ፀሐይ ሳይነካው ማለቴ ነው። አየር በ10 ዲግሪ ሲሞቅ 32 የነበረው ጎማ ወደ 33.6 ይጠጋል፣ በግርድፉ በየ5 እና 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ፒኤስአይ እንበለው። መኪናው በአንድ ጎኑ ፀሐይ እየመታው ቆሞ ከሆነ በዛ በኩል ያሉት ሁለት ጎማዎች አንድ ሁለት ፒኤስአይ ከፍ ብለው ታገኟቸዋላችሁ፣ እና ይሄን የማያውቅ ሰው የዛኛውን ጎን ጎማዎች ቀዳዳ አላቸው ብሎ ይጨነቃል። ጥላው ጋ ያሉት ምንም አልሆኑም። ብርድ ወቅት ሲገባም እንደዛው ነው፣ ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ሲወርድ አራቱም ጎማ ማንም ሳይነካቸው ሁለት ሁለት ተኩል ፒኤስአይ ያጣሉ፣ አየሩ የትም አልሄደም፣ ቀዝቅዞ ግፊቱ ቀነሰ እንጂ። ታዲያ አየሩ ካልወጣ ምን ያስጨንቃል የሚል ይኖራል፣ የሚሸከመው ግፊቱ ስለሆነ ያስጨንቃል፣ በብርዱ ሞልታችሁ ሙቀቱ ሲመለስ መቀነስ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ከፍታም ይገባበታል። ጌጅ የሚለካው ጎማው ውስጥ ያለውን ግፊት እንዳለ ሳይሆን ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። ባህር ጠለል ላይ የውጭው አየር 14.7 ፒኤስአይ ይገፋል፣ 2400 ሜትር ላይ ስትወጡ 11 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ሙቀቱ አንድ ዓይነት ቢሆን ታች 32 የነበረ ጎማ ላይ ሲደርስ ወደ 35 ከምናምን ያነባል። ብዙ ጊዜ ከፍታው ብርድ ስለሆነ ከጭማሪው የተወሰነውን ብርዱ ይበላዋል። ላይ ሞልታችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ደግሞ ግልባጩ ነው፣ ጌጁ ላይ ቁጥሩ ይወርዳል። እኔ ሂሳቡን መንገድ ላይ አልሰራም፣ የደረስኩበት ቦታ አድሬ በማግስቱ ጠዋት እለካለሁ፣ ያለቀ ነገር ነው።

ስለ ጌጅ ትንሽ። ሶስት ዓይነት ነው በብዛት የምታገኙት። እስኪርቢቶ የሚመስለው ውስጡ ስፕሪንግ አለው፣ አየሩ ሲገፋው ቁጥር ያለበት ዘንግ ከኋላው ብቅ ይላል፣ ርካሽ ነው ቀላል ነው ግን አንብቡት ሲባል ዓይን ይፈልጋል። ሰዓት የሚመስለው ባለ ቀስት ደግሞ ውስጡ ጥምዝ ብላ የተጨፈለቀች ቀጭን የብረት ቱቦ አለችው፣ ግፊት ሲገባባት ለመቃናት ትሞክራለች፣ ያቺ ትንሽ እንቅስቃሴ ናት ቀስቱን የምታዞረው፣ ዩጂን ቦርዶን የሚባል ፈረንሳዊ በ1849 መብት ያወጣባት ነገር ናት እስካሁን ድረስ ፋብሪካ ውስጥ ሁሉ የምትሰራው። ጥሩ ነው ግን መሬት ላይ ከወደቀ አትመኑት። ዲጂታሉ በጨለማም ይነበባል፣ 31.5 ብሎ ግማሿን ሁሉ ይነግራችኋል፣ ግን ነጥብ ስላለው ብቻ ትክክል ነው ማለት አይደለም፣ ሰው በዚህ በጣም ይሸወዳል። የኔ አስተያየት የትኛውም ይሁን ሁሌ አንዱን ተጠቀሙ ነው። ሁልጊዜ በ1 ፒኤስአይ አብልጦ የሚያነብ ጌጅ በየጊዜው ከሚቀያየር ጌጅ ይሻላል፣ ምክንያቱም ለውጡን በትክክል ያሳያችኋል። ጌጃችሁን ለመፈተን ከፈለጋችሁ የሰው ጌጅ ተዋሱና አንድ ጎማ ላይ በተከታታይ ለኩ፣ ሁለቱ ከተቀራረቡ እሰየው።

አለካኩ ራሱ ደቂቃ አይፈጅም። የቫልቩን ክዳን ትፈታላችሁ (ኪስ ውስጥ ክተቱት፣ መሬት ካስቀመጣችሁት ይጠፋል፣ ሁሌ ይጠፋል)፣ ጌጁን ቀጥ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ትጫኑታላችሁ፣ መጀመሪያ ፍስ የሚለው ድምጽ ካልቆመ ጠምማችሁ ይዛችሁታል ማለት ነው። ሁለቴ ለኩ፣ ሁለቱ አንድ ከሆነ ያ ነው ቁጥሩ። ስትለኩ የምትወጣው አየር ከቁጥር የምትገባ አይደለችም። ቫልቩ ከ1890ዎቹ ጀምሮ ያለ የሽሬደር ቫልቭ የሚባል ነው፣ ውስጡ ስፕሪንግ ያላት ፒን አለች፣ ስትጫን ትከፍታለች ስትለቀቅ ትዘጋለች፣ መኪናውም ሞተር ሳይክሉም ብዙ ብስክሌቶችም አንድ ዓይነት መሆናቸው ለቤት ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ክዳኑ ጌጥ አይደለም፣ አቧራና ውሃ ፒኗ ጋ እንዳይገባ ነው።

ለኔ ዋናው ነገር ግን ከለኩ በኋላ ያለው ነው። ስልኬ ላይ ኖት ከፍቼ አራት ቁጥር በአንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ፊት ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ኋላ ቀኝ፣ ከጎኑ ቀኑንና ጠዋቱ ብርድ እንደነበር ወይም እንዳልነበር። ሌላ ምንም። ታዲያ ይሄ መስመር ብቻውን ሲታይ ምንም አይመስልም፣ ሁለት ሶስት መስመር ሲደረደር ግን መናገር ይጀምራል። ለምሳሌ 29 የሚል ቁጥር እንውሰድ። አራቱም 29 ከሆኑ ወይ ብርድ ገብቷል ወይ ከለካችሁ ቆይታችኋል፣ ላስቲክ ሙሉ በሙሉ አየር አይዝም፣ ጤነኛ ጎማም በወር እስከ አንድ ፒኤስአይ ገደማ በላስቲኩ ውስጥ እያለፈ ያጣል፣ ስለዚህ ሞልቶ መተው ነው። ሶስቱ 32 ሆነው አንዱ 29 ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ያ ጎማ ይተነፍሳል። ቁጥሩ ያው 29 ነው እኮ! የሚለየው ጎረቤቶቹ ስንት እንደሆኑና እሱ ራሱ ባለፈው ስንት እንደነበር ነው። ማደያ ሄዶ የሚያስሞላ ሰው ይሄን አያይም፣ ሁሉንም 32 አድርገው ይሰጡታል፣ የታመመው ጎማ ከጤነኞቹ ጋር እኩል ሆኖ ይወጣል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ እንደገና።

ይተነፍሳል ብላችሁ የጠረጠራችሁትን ጎማ ማግኛው የሳሙና ውሃ ነው። ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ በብሩሽ ወይ በሚረጭ ጠርሙስ ቀቡት፣ መጀመሪያ ቫልቩ ጫፍ ላይ፣ ከዛ ቫልቩ ከቸርኬው ጋ የሚገናኝበት ስሩ ላይ፣ ከዛ ጥርሱ ላይ፣ መጨረሻ ጎማውና ቸርኬው የሚነካኩበት ዙሪያውን። አየር የሚወጣበት ቦታ አረፋ እየሰራ ይነፋል። ታገሱ ግን፣ ቀስ ብሎ የሚያፈስ ቀዳዳ አረፋው ለመታየት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ቫልቩ ጫፍ ላይ ከሆነ ውስጡ ያለችው ትንሿ ኮር ላልታ ሊሆን ይችላል፣ በመፍቻዋ ጠበቅ ማድረግ ወይ መቀየር ነው፣ ቀላል ነው። ስሩ ላይ ከሆነ የቫልቩ ላስቲክ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል፣ ጎማ ሲቀየር ቫልቩም አብሮ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። ቸርኬው ዙሪያ ከሆነ አሉሚኒየሙ ተበልቶ ወይ ቆሻሻ ገብቶበት ነው፣ እሱ ጎማው ተፈቶ መጽዳት ስላለበት የጎሚስታ ስራ ነው። ጥርሱ መሀል ሚስማር ካያችሁ እዛው አትንቀሉት፣ እሱው ራሱ ነው ቀዳዳውን የደፈነላችሁ፣ ሞልታችሁ ቀስ ብላችሁ ጎሚስታ ጋ ድረሱ።

ዓይንና እግርስ? ጎማ በእግር መታ መታ አድርጎ ደህና ነው የሚል ሰው ሳይ ዝም እላለሁ፣ ግን ምንም አላወቀም። የዛሬ ጎማዎች ራዲያል የሚባሉት፣ ጎናቸው የሚተጣጠፍ ዓይነት ናቸው፣ በትክክል ተሞልተውም ታቻቸው ትንሽ ሆድ ያወጣል፣ ስለዚህ ከሩብ በላይ ንፋስ ያጣ ጎማና ሙሉው ጎን ለጎን ቆመው ልዩነታቸውን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ጎናቸው አጭር የሆኑት ስፖርት ጎማዎች ላይማ ጭራሽ። በዓይን የሚታወቅበት ደረጃ ላይ ሲደርስ በጣም ዘግይቷል።

ዳሽቦርድ ላይ የምትበራው የጎማ መብራትም ዘግይታ ነው የምትመጣው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ታሪኳ እንዲህ ነው፣ በ2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ መልሶ ሰበሰበ፣ አብዛኛው ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠመ ነበር፣ የጎማው ጥርስ ከነሽፋኑ እየተላቀቀ መኪና እየተገለበጠ ሰው አልቆ ነበር፣ ከክርክሩ አንዱ ደሞ ፎርድ ለዛ መኪና ያዘዘው 26 ፒኤስአይ ዝቅ ያለ ነው የሚል ነበር። በዛው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፣ ከመስከረም 2007 ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር) አዲስ ቀላል መኪና ሁሉ መብራቷን ይዞ መውጣት ግዴታ ሆነ። ግን ሕጉ የሚለው ንፋሱ ከስቲከሩ በ25 በመቶ ሲወርድ ትብራ ነው። 32 ለሚይዝ ጎማ 24 ማለት ነው! ስለዚህ 26 ላይ እየነዳችሁ መብራቷ ጭጭ ልትል ትችላለች። ጥፋቷ አይደለም፣ የተሰራችው አደጋ ለማስጠንቀቅ እንጂ ጎማ ለመንከባከብ አይደለም። ሌላው፣ በብርድ ጠዋት በርታ ትንሽ ከነዳችሁ በኋላ የምትጠፋ ከሆነ ተስተካከለ ብላችሁ አትለፉት፣ ጎማው ሞቆ ነው እንጂ የገባለት አየር የለም፣ ነገ ጠዋት እዛው ናት።

ሁለት ዓይነት እንዳላትም ማወቅ ጥሩ ነው። አንዱ ቸርኬው ውስጥ ባትሪ ያለው ሴንሰር አለው፣ ግፊቱን በቀጥታ ይለካል፣ ባትሪው ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆይና ያልቃል። ሌላው ምንም አይለካም፣ የኤቢኤሱን (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን) ሴንሰር ተጠቅሞ የትኛው ጎማ ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ እንደሚሽከረከር ያያል፣ ንፋስ ያነሰው ጎማ ትንሽ ስለሚያጥር ይፈጥናላ። ችግሩ አራቱም እኩል ቀስ እያሉ ሲወርዱ ሊያመልጠው ይችላል። እንደዛ ዓይነት ከሆነ ከሞላችሁ በኋላ ሪሴት ማድረግ አትርሱ፣ አለበለዚያ የድሮውን እንደ ትክክል ይዞ ይቀጥላል።

መሙያው ቀላል ነው። የመኪናውን 12 ቮልት ሶኬት የምትጠቀም ትንሽ ኮምፕረሰር ካለቻችሁ ከ28 ወደ 32 ለማውጣት ደቂቃዎች ነው የሚፈጅባት። ጩኸቷ ጎረቤት ይቀሰቅሳል ግን ትሰራለች። አከታትሎ ረጅም ጊዜ ማስኬድ ያቃጥላታል፣ ማኑዋሏ ላይ ስንት ደቂቃ ሰርታ ስንት ማረፍ እንዳለባት ተጽፏል። ባትሪ እንዳይደክም ሞተር የምታስነሱ ከሆነ ውጭ ላይ ይሁን፣ ዝግ ጋራዥ ውስጥ ጭሱ ይገድላል። እየሞላች እያለ ራሷ ላይ ያለውን ቁጥር ብዙ አትመኑት፣ አጥፍታችሁ በራሳችሁ ጌጅ አረጋግጡ፣ ቱቦው በጥምዝ የሚፈታ ከሆነ ደሞ ስትፈቱት ትንሽ ስለሚያፈስ ግማሽ ወይ አንድ ፒኤስአይ አሳልፋችሁ ማቆም ነው፣ የተረፈውን ፒኗን ጫን በማድረግ ታወርዱታላችሁ። ኮምፕረሰር ከሌለ ቅድም ቫልቩ አንድ ዓይነት ነው ያልኳችሁ እዚህ ጋ ይጠቅማል፣ ቆሞ የሚገፋ የብስክሌት ፓምፕ ይሰራል። ያልባል፣ በጣም ያልባል፣ ግን ሶስት አራት ፒኤስአይ ለመጨመር ከበቂ በላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ተንፍሶ እያለ ትንሽም ቢሆን የተነዳበት ጎማ ሲሆን ቤት ሞልቶ መቀጠል አይሆንም፣ ጎኑ ከውስጥ ተፈጭቶ ሊሆን ይችላል፣ ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ስለዚህ ተፈቶ ውስጡ መታየት አለበት።

ስለ ናይትሮጅን ሁሌ ስለምጠየቅ ልበል። የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ንጹሁ ናይትሮጅን በላስቲክ ውስጥ ከኦክስጅን ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ ትንሽ ይቆያል፣ እርጥበትም የለውም፣ ውሸት አይደለም። ግን ኮንስዩመር ሪፖርትስ የሚባለው ዕቃ የሚፈትን የአሜሪካ ድርጅት ጎማዎችን ሳይነዱ ለአንድ ዓመት አስቀምጦ ሲለካ ከ30 ፒኤስአይ ተነስተው በተራ አየር የተሞሉት በአማካይ 3.5 አጡ፣ በናይትሮጅን የተሞሉት 2.2። ልዩነቱ በዓመት 1.3 ነው። ናይትሮጅን የሞላ ሰው አልለካም ብሎ ከተቀመጠ የባሰ ነው የሚሆነው፣ የሚለካ ሰው ደሞ አያስፈልገውም። ናይትሮጅን ያለበት ጎማ ላይ ተራ አየር መጨመርም ምንም ችግር የለውም፣ አትፍሩ።

ስኮርታውን (ተቀያሪውን ጎማ) ሰው ሁሉ ይረሳዋል። እኔም በየወሩ አልለካውም፣ እቃ መጫኛው ስር ተቀብሮ ለሚውል ነገር ወቅት ሲቀየር ማየት ይበቃል። ቀጭኗ ጊዜያዊ ስኮርታ ከሌሎቹ በጣም ትለያለች፣ ብዙ ጊዜ 60 ፒኤስአይ ወይ 4.2 ባር ናት፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳባትም፣ ራሷ ላይ ተጽፏል። በኮምፕረሰር 60 ማድረስ ጊዜ ስለሚፈጅ ባዶ ሆና ከምትገኝ ቀደም ብሎ ነካ ነካ ማድረግ ነው። ስኮርታ በሌላቸው መኪናዎች ላይ በምትኩ የሚሰጠው የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ደግሞ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን አለው፣ ጠርሙሱ ላይ እዩት። ሙሉ መጠን ያለው ስኮርታ ከሆነ ስቲከሩ ላይ ካሉት ቁጥሮች ትልቁን ይዞ ቢቀመጥ ይሻላል፣ የሚገጠምበት ቀን ፊት ይሁን ኋላ አይታወቅም፣ መንገድ ዳር ቆሞ ትንሽ ማስተንፈስ ደሞ ከመሙላት ይቀላል።